«ሰማንያ» ድሮም ውል ነበር

«ገና ሳንጋባ ስለ ፍቺ ልናወራ ነው?» ከሠርግ በፊት የንብረት ውል ይፈረም የሚል ሐሳብ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። ውል የፈረንጅ ነገር፣ የሀብታም ቅብጠት ወይም ያለመተማመን ምልክት ተደርጎ ይታያል። ይሁንና ይህን የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ባልና ሚስት ሲለያዩ «ሰማንያቸውን ቀደዱ» ይላሉ። ቋንቋው ያልረሳውን ነገር ተናጋሪዎቹ ረስተውታል፤ ሰማንያ ውል ነው።

በአማርኛ ተናጋሪው ገበሬ ዘንድ ጋብቻ በዋናነት ሦስት መልክ ነበረው። ቁርባን በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸምና የማይፈታ ስለሆነ ከካህናትና በዕድሜ ከገፉ ባለትዳሮች ውጭ የሚደፍረው ጥቂት ነበር። ደሞዝ ደግሞ ሴቲቱ በተቆረጠ ክፍያ አብራ የምትኖርበት ጊዜያዊ ትዳር ነው። የብዙኃኑ ጋብቻ በሁለቱ መካከል ያለው ሰማንያ ነበር።

ሰማንያ የሚታሰረው በድርድር ነው። ሽማግሌ ይላካል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ለአዲሱ ጎጆ የሚሰጡትን በሬ፣ ላም፣ በግና እህል ይቆጥራሉ። በብዙ ቦታ የአንዱ ወገን መዋጮ ከሌላው ጋር እንዲመጣጠን ይጠበቃል። ምስክር ይቀመጣል፣ ዋስ ይጠራል። ትዳሩ ቢፈርስ ሽማግሌዎች የሚመለሱት ወደዚያ ቀን ቆጠራ ነው፤ እያንዳንዱ ይዞ የመጣውን ያነሣል፣ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ርስት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበር። የባል ርስት ለሚስት፣ የሚስትም ለባል አይተላለፍም፤ ልጆች ግን ከሁለቱም ይወርሳሉ።

ማለትም ሁለቱ ቤተሰቦች ድግሱን የሚደግሱት ስለ መለያየት በግልጽ ተነጋግረው ነበር። ይህን ማንም እንደ ክፉ ሟርት አልቆጠረውም።

ነገር ግን ያንን ዘመን ማሞገስ ብቻ አይበቃም። የሚደራደሩት አባቶች ነበሩ። ሙሽራይቱ ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ናት፤ ስለ ከብቱም ሆነ ስለ ባሏ የሚጠይቃት አልነበረም። ውሉ የሁለት ቤቶችን ሀብት ይጠብቅ ነበር፤ የእሷ ፈቃድ ግን የውሉ አካል አልነበረም።

በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻ ውልን በጽሑፍ ሕግ ውስጥ አስገባው። ይሁን እንጂ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አደረገው፤ የጋራ ንብረቱም በዋናነት በእጁ ነበር። ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድታገባ ተፈቅዶ ነበር። ይህን የለወጠው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ ቤተሰቡን የመምራት መብትንም እኩል አካፈለ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

ሕጉ ውል ለሌላቸው ተጋቢዎች የራሱን ደንብ አስቀምጧል። ከጋብቻ በፊት የተፈራ፣ ወይም በኋላ በውርስና በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ነው። ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ ግን የጋራ ይሆናል። አንዲት ሴት ሳታገባ የሠራችው ቤት የእሷ ነው፤ ካገባች በኋላ የሚሰበሰበው ኪራይ ግን የሁለቱም ነው። ቤቱን ሸጣ ሌላ ብትገዛ ደግሞ አዲሱ የግሏ መሆኑን ፍርድ ቤት እንዲያጸድቅላት ማመልከት አለባት። በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል።

ስለዚህ ያለ ውል የሚያገባ ሰው የለም። ያልፈረመው ሰው የተቀበለው ሕግ አውጪው የጻፈለትን ውል ነው።

ያ ውል ለብዙዎች መልካም ነው። ከባዶ ተነሥተው ቤት ለሚመሠርቱ ጥንዶች፣ በተለይም ልጅ እያሳደገች ደመወዝ ለማታገኝ ሚስት፣ የእኩል ክፍያው ደንብ ትልቅ ጋሻ ነው። እንዲህ ያለችው ሴት ይህን መብቷን የሚያስቀር ወረቀት ሲቀርብላት ሳታመነታ መፈረም የለባትም። በሌላ በኩል ከቀድሞ ትዳሩ ልጆች ያሉት፣ ከወንድሞቹ ጋር በጋራ የሚነግድ፣ ወይም ውጭ አገር ያለች እህቱ በላከችው ገንዘብ የተሠራ ቤት በስሙ የተመዘገበ ሰው ዝም ብሎ ቢያገባ ነገ የሚጎዱት ሌሎች ናቸው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሕጉ ውሉ ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት፣ በጽሑፍና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ሁለቱ የሙሽራው፣ ሁለቱ የሙሽራይቱ። ከጋብቻ በኋላ ባልና ሚስት የሚዋዋሉት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ሆኖም ሕጋዊው ቀነ ገደብ የሠርጉ ዕለት ነው ማለት፣ የጥሪ ካርድ ተበትኖ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ወረቀት ማቅረብ ተገቢ ነው ማለት አይደለም። በዚያ ሰዓት «አይሆንም» ማለት የማይቻላት ሙሽራ ከድሮዋ ልጅ ብዙም አትለይም።

የጥንቶቹ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ የገንዘብ ነገር ፍቅር ሳይጎድል፣ ሰው ሳይቀያየም መነገር አለበት። እነሱ ያላደረጉት ሙሽራይቱን መጠየቅ ነው። የዛሬ ተጋቢዎች ፈረሙም አልፈረሙም፣ ሠርጉ ከመቆረጡ በፊት ያላቸውንና ያለባቸውን ዘርዝረው በራሳቸው አንደበት ቢነጋገሩ ከአያቶቻቸው የተሻለ ሰማንያ ያስራሉ።