የዘራፍሻን ሸለቆና የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች

በመካከለኛው እስያ ከታጂኪስታን ተራሮች ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርድ ዘራፍሻን የሚባል ወንዝ አለ። ስሙ በፋርስኛ «ወርቅ በታኝ» ማለት ነው። 877 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሆኖም መስኖው ጠጥቶት ከአሙ ዳርያ ሳይደርስ በበረሓው ውስጥ ይቀራል። ሳማርካንድና ቡኻራ የኖሩት በዚህ ወንዝ ውሃ ነው። አገሩ በጥንት ዘመን ሶግድ ይባል ነበር፤ ሕዝቡም ከቻይና እስከ ቢዛንታይን ድረስ የሚነግድ፣ የራሱ ፊደልና ቋንቋ የነበረው ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሶግዳውያን የሚታወቀው ለብዙ ዘመን ጎረቤቶቻቸውና ድል አድራጊዎቻቸው፣ ይኸውም ግሪኮች፣ ቻይናውያንና ዐረቦች የጻፉት ብቻ ነበር። እነሱ ራሳቸው ምን አሉ? ይህን ጥያቄ የመለሰው መሬቱ ነው፤ እንዴት እንደ መለሰው ከዚህ ቀጥለን እናያለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የሩሲያ ጦር ሳማርካንድን የያዘው በ1868 ነው። ከከተማው በስተሰሜን አፍራሲያብ የሚባል ወደ 220 ሄክታር የሚሰፋ ባዶ ጉብታ ነበር። ይህ የጥንቱ ሳማርካንድ ነው፤ በ1220 የጄንጊስ ካን ጦር ካጠፋው በኋላ ሰው ተመልሶ አልሠፈረበትም። በ1874 ቦርዜንኮቭ የሚባል የጦር መኮንን፣ በ1885 ደግሞ ፕሮፌሰር ኒኮላይ ቬሴሎቭስኪ በዚህ ቦታ ቆፈሩ። አቈፋፈራቸው ግን ዛሬ ሲታይ ያሳዝናል። እዚህም እዚያም ጉድጓድ እየከፈቱ ዕቃውን ያነሣሉ እንጂ በየትኛው የአፈር ንብርብር እንደ ተገኘ በሚገባ አይመዘግቡም ነበር። ከንብርብሩ የተለየ ዕቃ አገሩና ዘመዱ እንደማይታወቅ ሰው ነው፤ ቢያምርም ታሪኩን ሊነግረን አይችልም። በ1895 በታሽከንት የአርኬዎሎጂ ወዳጆች ማኅበር ከተቋቋመ በኋላም ቢሆን ሥራው በአብዛኛው በትርፍ ሰዓት ሠራተኞች እጅ ነበር።

ከነዚህ ሠራተኞች አንዱ ለመምህራን አንባቢዎቻችን የሚቀርብ ሰው ነው። ቫሲሊ ቪያትኪን የተማረው በታሽከንት የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። የአገሩን ቋንቋዎች ስለሚያውቅ አሮጌ የመሬት ሰነዶችን ማንበብ ይችል ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት በተጻፈ አንድ የወቅፍ ሰነድ ላይ የአንድ መሬት ወሰን ሲገለጽ የኡሉግ ቤግ የከዋክብት መመልከቻ የነበረበት ኮረብታ ተጠቅሶ አገኘ። ኡሉግ ቤግ በ1449 የተገደለ የሳማርካንድ ገዥና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው፤ መመልከቻውም ፈርሶ ቦታው ተረስቶ ነበር። ቪያትኪን ሰነዱን ይዞ ወሰኑን ተከተለ፤ በ1908 ሲቈፍርም ሬድየሱ 40 ሜትር ያህል የሆነው የታላቁ መለኪያ የምድር ውስጥ ክፍል ወጣ። ከአካፋው በፊት ማንበብ እንደሚቀድም ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። በእርግጥ ቪያትኪንም በአፍራሲያብ ሲቈፍር የዘመኑ ጉድለት ነበረበት።

ትልቁ ነገር የተገኘው ግን ከሳማርካንድ በስተምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በወንዙ ላይኛ ክፍል፣ ሙግ በሚባል ተራራ ላይ ነው። በ1932 አንድ እረኛ በተራራው ላይ ካለው ፍርስራሽ ውስጥ ጽሑፍ ያለበት ቅርጫት አገኘ። ጽሑፉን የሚያነብለት ሰው አልነበረም። ወሬው ከአካባቢው ባለሥልጣን ጆሮ ደረሰ፤ እሱም ችላ አላለም። ጉዳዩ ሌኒንግራድ ሲደርስ ፕሮፌሰር አሌክሳንደር ፍሬይማን ቋንቋው ሶግድኛ መሆኑን አወቀ፤ በ1933ም መኸር የጥናት ቡድን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። በቆዳ፣ በወረቀትና በእንጨት ላይ የተጻፉ በጠቅላላው ወደ 80 የሚጠጉ ሰነዶች ተሰበሰቡ። የሚበዙት በሶግድኛ ሲሆኑ የቻይንኛና የቱርክኛም አሉባቸው፤ አንዱ ግን በዐረብኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ያነበበው ኢግናቲ ክራችኮቭስኪ ነው። (ይህ ሊቅ የግእዝንም ጽሑፎች አጥንቷል፤ ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ጥናት የጻፈው መግቢያ ከሞተ በኋላ በ1955 ታትሟል።) በደብዳቤው ላይ ተቀባዩ አል ጀራሕ ተብሎ ተጽፏል። አል ጀራሕ በኾራሳን ላይ የተሾመው ከ717 እስከ 719 ብቻ ስለሆነ የደብዳቤው ዘመን በዚህ ታወቀ። የላኪውም ስም ዴዋሽቲች ነው። ይህ ስም በዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ዐረቦችን የተቃወመ፣ በ722 ወደ ተራራ ሸሽቶ ተከብቦ እጁን የሰጠ፣ በኋላም የተገደለ የፔንጂከንት ገዥ ነው። ስለዚህ የሙግ ሰነዶች ከ1,200 ዓመት በላይ በፍርስራሽ ውስጥ የቆዩ የእሱ ጽሕፈት ቤት ወረቀቶች ናቸው።

ልብ እንበል። ዴዋሽቲች በዐረብኛው ደብዳቤ ራሱን የአሚሩ ታዛዥ አድርጎ በእስልምና ሥርዓት ይጽፋል፤ በሶግድኛው ሰነድ ግን «የሶግድ ንጉሥ፣ የሳማርካንድ ጌታ» ይባላል። አስመሳይ ነበር እንበል? እኛ እንዲህ አንልም። በሁለት እሳት መካከል ያለ ትንሽ ገዥ ጊዜ ለመግዛት የሚያደርገውን አደረገ። የድል አድራጊዎቹን መጽሐፍ ብቻ ብናነብ ኖሮ አንድ ዐመፀኛ እንጂ ይህን ሰው አናገኘውም ነበር።

ከንጉሡ ይልቅ ተማሪዎችን የሚያስደስተው ግን የተራው ሰው ነገር ይመስለናል። ሦስት ወፍጮዎች በዓመት 460 መስፈሪያ ዱቄት ሲከራዩ የተጻፈ ውል አለ። በ710 ገደማ በቆዳ ላይ የተጻፈ የጋብቻ ውልም አለ፤ ባልየው ሚስቱን አክብሮ ሊያበላና ሊያለብስ፣ ያለ ፈቃዷም ሌላ ሴት ቢያገባ 30 ድርሃም ሊከፍል ይገደዳል። እሷም ልትፈታው ትችላለች። ይህን ዜና መዋዕል አይነግረንም።

በ1947 በአሌክሳንደር ያኩቦቭስኪ መሪነት የዴዋሽቲች ከተማ ፔንጂከንት መቈፈር ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ቤቱ በየክፍሉ፣ አፈሩም በየንብርብሩ እየተመዘገበ ነበር። ቀለማቸው ያልጠፋ የግድግዳ ሥዕሎችም ወጡ። የሙግ ሰነዶች በ1962 እና በ1963 ከነትርጉማቸው ታተሙ። ሊቃውንቱ ቋንቋውን ሲፈቱ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ሶግድኛ ፈጽሞ አለመሞቱ ነው፤ የዘራፍሻን ገባር በሆነው በያግኖብ ሸለቆ የሚኖሩ ተራራማ ገበሬዎች ከሶግድኛ የወረደ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። እነዚህን ሰዎች የሶቪየት ባለሥልጣኖች በ1970 በሄሊኮፕተር እየጫኑ ወደ ቆላው የጥጥ እርሻ አወረዷቸው። ሙቀቱን ያልለመዱ ብዙዎች እዚያው ሞቱ፤ ከተረፉትም ጥቂት ቤተሰቦች በኋላ ወደ ባዶው መንደራቸው ተመለሱ።