የጥናት ጽሑፍ ሚዛን፤ ከመጽሔት ግዥ እስከ ሊቃውንት ምዘና

የጥናት ጽሑፎችን ጥቅም በቁጥር ለመለካት የተደረገው ሙከራ ከትምህርት ጥያቄ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አይታወስም። እ.ኤ.አ. በ1927 በካሊፎርኒያ የፖሞና ኮሌጅ ባልደረቦች የነበሩት ግሮስ እና ግሮስ ያነሡት ችግር ማንኛውም ርእሰ መምህር የሚያውቀው ነው፤ ገንዘቡ ጥቂት፣ መጽሔቱ ብዙ። አነስተኛ ኮሌጅ ተማሪዎቹን ለከፍተኛ የኬሚስትሪ ትምህርት ለማዘጋጀት የትኞቹን መጽሔቶች ይግዛ? ሁለቱ አጥኚዎች የአዋቂዎችን አስተያየት በመሰብሰብ ፈንታ የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር መጽሔትን የ1926 ቅጽ ገልጠው በውስጡ የተጠቀሱትን ዋቢዎች አንድ በአንድ ቆጠሩ። 3633 ሆኑ። ከእነዚህም መካከል የጀርመንኛ መጽሔቶች ድርሻ ጎልቶ ስለ ታየ፣ የመጽሔት ግዥ ጉዳይ የቋንቋ ትምህርትንም ጉዳይ አስከተለ።

ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ የሰፋ ነበር። የአሜሪካ ጠበቆች ከ1873 ጀምሮ በሚገለገሉበት በሼፐርድ መዝገብ አንድ ፍርድ በኋላ የጸና ወይም የተሻረ መሆኑን ይመረምራሉ፤ ለሳይንስም እንዲሁ ይደረግ አለ። በፊላደልፊያ ያቋቋመው ድርጅት ያሳተመው የመጀመሪያው የሳይንስ ዋቢ ማውጫ 613 መጽሔቶችን ያካተተ ነበር። ለማውጫው የሚገቡትን መጽሔቶች ለመምረጥም የተጽዕኖ መጠን የተባለው ስሌት ተፈጠረ። አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት 100 ጽሑፎች አውጥቶ፣ እነዚሁ ጽሑፎች በሚቀጥለው ዓመት 150 ጊዜ ቢጠቀሱ መጠኑ 1.5 ይሆናል።

እንግዲህ መጽሔት መምረጫው ውሎ አድሮ ሰው መምረጫ ሆነ። በብዙ አገሮች ቅጥርና የማዕረግ እድገት በዚሁ ቁጥር ይወሰን ጀመር። ስሕተቱ ግልጽ ነው፤ ጥቂት ጽሑፎች እጅግ ብዙ ጊዜ ሲጠቀሱ አብዛኞቹ እምብዛም አይጠቀሱምና፣ የመጽሔቱ አማካይ ስለ አንዱ ጽሑፍ የሚነግረን ጥቂት ነው። የፊዚክሱ ሊቅ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 በግለሰብ ደረጃ የሚቆጥር ሌላ መለኪያ አቀረበ፤ በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተነደፈው መግለጫ ደግሞ የመጽሔት ቁጥር ለተመራማሪ መመዘኛ እንዳይውል ጠየቀ።

ለእኛ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። የንባብ ማስተማሪያ ዘዴን የሚመለከት ጥናት አንብቦ የክፍሉን አሠራር የለወጠ መምህር ዋቢ አይጽፍም፤ ምናልባት በትምህርት ዝግጅት ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ያሰፍር ይሆናል። ያን ደብተር የትኛውም ማውጫ አይገልጠውም።