ኢንቴሮክሮማፊን፦ «ነጋሪ ሕዋስ»

ሴሮቶኒን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አንጎልንና ስሜትን ነው። ሆኖም በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን ከመቶ 90 ያህሉ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ዋነኞቹ አምራቾች ኢንቴሮክሮማፊን የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው። ስሙ የወጣላቸው የክሮም ጨው ሲነካቸው ቀለም ስለሚይዙ ነው፤ ሥራቸውን ግን አይገልጽም። እኔ በአማርኛ «ነጋሪ ሕዋስ» ብንላቸው እመርጣለሁ፤ አንጀት ውስጥ የገባውን ነገር ለነርቭ የሚናገሩት እነሱ ናቸውና።

ነጋሪ ሕዋሳት በአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ላይ፣ ምግብ በሚመጥጡት ሕዋሳት መካከል አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ከፕሮቲን ከሚገኘው ትሪፕቶፋን ሴሮቶኒን ሠርተው በጥቃቅን ከረጢቶች ያከማቻሉ። ምግብ ገብቶ አንጀት ሲለጠጥ ከረጢቶቹ በሕዋሱ ግርጌ በኩል ይከፈታሉ። ሴሮቶኒኑ የደረሳቸው ነርቮች ከምግቡ በስተኋላ ያለውን ጡንቻ ያኮማትራሉ፣ ከፊቱ ያለውን ያላላሉ፤ ምግቡም ወደፊት ይሄዳል።

ባክቴሪያዎች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካው ካልቴክ የኢሌይን ሺያው ቡድን ያሳተመው ጥናት ጉዳዩን በግልጽ አሳይቷል። ከልደታቸው ጀምሮ ባክቴሪያ በማይደርስበት ቦታ ያደጉ አይጦች ሴሮቶኒናቸው ከሌሎቹ በ60 ከመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ስፖር የሚሠሩ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲሰጧቸው ግን ምርቱ አንሰራራ፤ የአንጀታቸው እንቅስቃሴም ተሻሻለ። ይህ የሆነው በዋናነት ባክቴሪያዎቹ በሚያመነጯቸው ኬሚካሎች አማካይነት ነው። ለምሳሌ በባቄላና በምስር ውስጥ ያለውን፣ እኛ መፍጨት የማንችለውን አሰር አብላልተው ቡቲሬትን የመሳሰሉ አጫጭር የስብ አሲዶችን ይሠራሉ፤ የሐሞት አሲዶችንም ይለውጣሉ። እነዚህ ነገሮች ነጋሪ ሕዋሱ ሴሮቶኒን የሚሠራበትን ኢንዛይም አብዝቶ እንዲያመርት ይቀሰቅሱታል።

ከዚህ ተነስተው «አንጀትዎ የደስታ ሆርሞን ያመርታል፣ ይህን የባክቴሪያ እንክብል ይዋጡ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ያሳስቡኛል፤ በተለይ በድባቴ የሚሠቃይ ሰው ሕክምናውን ትቶ እነሱን ከተከተለ። የአንጀት ሴሮቶኒን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም። ወደ ደም የገባውን ፕሌትሌቶች ሰብስበው ይይዙታል፤ ቁስል ሲኖርም ደም እንዲረጋ ያግዛል። አንጎል የሚያስፈልገውን ሴሮቶኒን የሚሠራው ራሱ ነው።

ወደ አንጎል የሚያደርስ ሌላ መንገድ ግን አለ፤ እሱም የቬገስ ነርቭ ነው። በዚህ መንገድ ከሚሄዱት መልእክቶች በደንብ የታወቀው ደግሞ ማቅለሽለሽ ነው። የካንሰር ኬሞቴራፒ ነጋሪ ሕዋሳትን ሲጎዳ ሴሮቶኒን በብዛት ይፈስሳል፤ የቬገስ ነርቭ ምልክቱን ወደ አንጎል ግንድ ይወስዳል፤ በሽተኛውም ያስታውካል። ሐኪሞች ከኬሞቴራፒው በፊት የሚያዙት ኦንዳንሴትሮን የሚሠራው ሴሮቶኒኑ ነርቭ ላይ የሚያርፍበትን መቀበያ በመዝጋት ነው።