ትልልቅ ሰዎች ስልክ ከእኩያቸው ሲማሩ፦ ካምፓላ ላላችሁ

ካምፓላ የሚኖረው የእኛ ሰው በብዛት ካባላጋላና ካንሳንጋ አካባቢ ነው። እዚያ ስልክ የማይችል ሰው ገንዘብ የሚቀበለውም የሚልከውም በሌላ ሰው እጅ ነው። ኤምቲኤን ሞባይል መኒ ዩጋንዳ የገባው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ዛሬ ስንቱ ነገር በእሱ ነው የሚከፈለው።

«ልጆቻቸው ያስተምሯቸው» ይባላል። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ እንደማየው ግን ልጅ አያስተምርም፤ ስልኩን ተቀብሎ ራሱ ሠርቶ ይመልሳል። እናትየው ነገም ያንኑ ትጠይቃለች፣ ሦስተኛው ላይ ይሉኝታ ይይዛትና ዝም ትላለች። ባለፈው ወር የለመደች ጎረቤት ግን የቱ ጋ እንደሚያደናግር ታውቃለች፣ አትቸኩልም።

ስደተኛ ስደተኛን ማስተማሩ በካምፓላ አዲስ አይደለም። ያሪድን እ.ኤ.አ. በ2007 ያቋቋሙት ወጣት የኮንጎ ስደተኞች ናቸው፤ እንግሊዝኛና ኮምፒዩተር ያስተምራሉ። ለእማማና ለአባባ ግን ክፍልም ሰሌዳም አያስፈልግም፣ ቡና የሚፈላበት ቤት ይበቃል።

መጀመሪያ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ይለማመዱ። ማይክራፎኗን ተጭኖ መናገር፣ ሲጨርሱ መልቀቅ፤ ማንበብ አይጠይቅም። ፊደል የቆጠሩት የአማርኛ ኪቦርድ ይጫንላቸው።

ቀጥሎ ገንዘብ። ለኤምቲኤን *165#፣ ለኤርቴል *185# ነው፤ በትንሿ ባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። ፒን ከመግባቱ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ስሙ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ እማማ ኤቢሲዲን በሙሉ ባያውቁም ዘወትር የሚልኩላቸውን የሁለት ሦስት ሰው ስም መልክ በወረቀት ጽፋችሁ አስለምዷቸው። ፒን ሲነኩ አስተማሪዋ ፊቷን ታዙር፤ የእህት ልጅም ብትሆን።

«በስህተት ገንዘብ ልኬልሽ ነው፣ መልሺልኝ» የሚል ስልክ ከመጣ የተላከውን ጽሑፍ አትመኑ፣ መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብ ይታይ።

ሌላው ፌስቡክ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 በምርጫው ሰሞን ስለዘጋው፣ አልከፍት ቢል ስልኩ ተበላሸ ብላችሁ ለጠጋኝ አትክፈሉ።

ስልካቸው ላይ መጀመሪያ የሚመዘገበው ቁጥር 0800 323232 ይሁን፤ የዩኤንኤችሲአር ነጻ የስደተኞች መስመር ነው፣ ሂሳብ ባይኖርም ይደወላል።