እይታና መነጽር በጎንደርና በወገራ ደጋ

እይታ ብርሃን በዓይን ገብቶ በአንጎል ትርጉም የሚያገኝበት ሂደት ነው። ብርሃኑ በኮርኒያና በሌንስ ተሰብሮ በዓይን ጀርባ በተዘረጋው ሬቲና ላይ ያርፋል፤ ሬቲናው ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአንጎል ሥራ ነው። የዓይን ኳስ ከልኩ ሲረዝም ምስሉ ሬቲናው ጋ ሳይደርስ ይሰበሰብና የሩቁ ነገር ይደበዝዛል፤ ሲያጥር ደግሞ የቅርቡ ያስቸግራል። ኮርኒያው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልጎበጠም ምስሉ ይንሻፈፋል። 40 ዓመት ገደማ ሲሆን ደግሞ ሌንሱ እየጠነከረ ስለሚመጣ ክር በመርፌ ማስገባትና ደቃቅ ፊደል ማንበብ ለአብዛኛው ሰው ይከብዳል። መነጽር የሚያቃናው እነዚህን ጉድለቶች ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአምባ ጊዮርጊስና በዙሪያዋ ባለው የወገራ ደጋ እንደ ሌላው የሀገራችን ገጠር ሁሉ እነዚህ ጉድለቶች አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቁ ይኖራሉ። ምክንያቱ የሐኪም ወይም የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም። ሰው የገዛ እይታውን ጉድለት በስሜቱ ሊደርስበት አለመቻሉ ከሁሉም የጠለቀ ምክንያት ነው፤ ስለዚህም ዓይን መለካት አለበት፤ ባለቤቱን መጠየቅ ብቻ አይበቃም።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ የእይታ ማታለያ ነው። የዓይን ነርቭ ከሬቲናው በሚወጣበት ስፍራ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ ስለሌለ እያንዳንዱ ዓይን ምንም የማያይበት ክፍተት አለው። ይህን ፈረንሳዊው ኤድም ማሪዮት በ17ኛው መቶ ዘመን አሳይቷል። ሆኖም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሜዳውን የሚመለከት ሰው በመካከል ቀዳዳ አያይም፤ አንጎሉ በዙሪያው ካለው ቀለም ወስዶ ይሞላዋል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰውም ከጣሪያው የሚመለከቱት የመላእክት ዓይኖች ከእርሱ ጋር የሚዞሩ ይመስለዋል። ሥዕሉ ጠፍጣፋ በመሆኑ ተመልካቹ የትም ቢቆም ጥቁሩ የዓይን ክፍል ከነጩ ጋር ያለው አቀማመጥ አይለወጥም፤ ስለዚህ ፊት ለፊት እንዲያይ ሆኖ የተሣለ ፊት በሁሉም ስፍራ ፊት ለፊት ያያል። የሀገራችን ሠዓሊዎች ዓይን በተመልካች ላይ ያለውን ኃይል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ቅዱሳንን በሁለት ዓይን ከፊት፣ ክፉዎችን በአንድ ዓይን ከጎን የመሣል ልማዳቸው ይህንኑ ይመሰክራል።

እነዚህ ጨዋታዎች ብቻ ናቸው፣ ከዕለት ኑሮ ጋር አይገናኙም የሚል ሊኖር ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዴሬጎውስኪና የሁለት ባልደረቦቹ ጥናት ግን ሌላ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው ይህ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሥዕል እምብዛም ለማያውቁ የሜኢኒት ሰዎች በጨርቅ ላይ የተሣሉ እንስሳት ያሳየ ነበር። አብዛኞቹ እንስሳውን ለይተዋል፤ አንዳንዶቹ ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ብልት በብልት እየጠቀሱ ነው የደረሱበት። ማየት ከዓይን ጤና በተጨማሪ ልምድም ይጠይቃል ማለት ነው። ይህ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ልምድ የደከመውን ዓይን ይሸፍናል። ዳዊትን በቃሉ የያዘ አረጋዊ ካህን መጽሐፉን ዘርግቶ ሲደግም ፊደሉ ቢደበዝዝበትም ከአፉ አንድ ቃል አይጎድልም። እርሱም፣ የሚሰሙትም ያነበበ ይመስላቸዋል። ድካሙ የሚገለጠው የማያውቀው ጽሑፍ ሲቀርብለት ነው። በቃል መያዝ የትምህርታችን መሠረት በሆነበት በጎንደር፣ አባቶች ያለ መነጽር ተምረዋልና መነጽር ምን ያደርጋል የሚለው ሙግት መልሱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። አባቶች ስላዩ ሳይሆን ስላስታወሱ የዘለቁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አዲስ መጽሐፍ መመርመርና ብራና ላይ መጻፍ ግን በትዝታ አይሆንም።

የመነጽር ታሪክም ወደዚሁ ያመራል። በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በካይሮ የኖረው ኢብን አልሃይሠም ማየት ብርሃን ከዕቃው ተነሥቶ ወደ ዓይን በመግባቱ እንደሚሆን አስረዳ፤ የእይታ ስሕተቶችንም ከአእምሮ ፍርድ ጋር አያይዞ መረመረ። መነጽር ራሱ የተሠራው በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1286 ገደማ ነው፤ በ1352 ሠዓሊው ቶማዞ ዳ ሞዴና በትሬቪዞ አንድ ካርዲናል መነጽር አድርጎ ሲጽፍ ሣለ። የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች መሃላቸው ያበጠ፣ ዕድሜው ገፍቶ የቅርቡ ለሚያስቸግረው አንባቢ የሚረዱ ነበሩ፤ መሃላቸው የሰረጎደና የሩቁን የሚያጠሩ በ15ኛው መቶ ዘመን ተከተሉ። እነዚህ ለምን እንደሚረዱ በሚገባ የገለጸው የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1604 ምስሉ በሬቲና ላይ ተገልብጦ እንደሚያርፍ አሳየ። ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ባደረጉበት እ.ኤ.አ. በ1636 ይህ ዕውቀት ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ያለፈው ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ የእይታ መንሻፈፍን በ1801 ገለጸ፤ የሀገሩ ልጅ ኤሪ በ1825 የገዛ ዓይኑን የሚያቃና ሌንስ አሠራ። ኔዘርላንዳዊው ስኔለን የፊደል ሠንጠረዡን ያወጣው በ1862 ነው። መነጽር ከተፈለሰፈ በኋላ 570 ዓመት ያህል ገዢው በእጁ እየሞከረ፣ ደህና የመሰለውን ሲመርጥ ኖሯል ማለት ነው። ትክክለኛው እርዳታ የመጣው ሰው የሚሰማውን ከመናገር አልፎ በተወሰነ ርቀት የተወሰነ መጠን ያለው ፊደል መለየት አለመለየቱ ሲመዘገብ ነው። ዛሬ በየገበያው ከመደርደሪያ አንሥቶ እየሞከሩ የሚገዛ መነጽር ለአረጋዊው የቅርብ ንባብ ያገለግል ይሆናል፤ ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል ላልሆኑ ወይም ለሚንሻፈፍበት ሰው ግን መላ አይሆንም።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ተቃውሞ ከጤና ባለሙያዎችም ዘንድ ይሰማል፦ የአማራ ክልል ትልቁ የዓይን ጠላት ትራኮማና የዓይን ሞራ ሆኖ ሳለ ስለ መነጽር ማውራት ቅንጦት ነው ይላሉ። ስጋቱ በቂ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት 1.6 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ የዚህ ግማሽ ያህል ምክንያቱ የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ የትራኮማ ጠባሳ ነበር። በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት ከ60 በመቶ በላይ በትራኮማ ተይዘው ነበር። በትራኮማ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን የሚፍቀውን ሰው መነጽር አያድነውም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የፊት መታጠብ፣ የመጸዳጃ ቤትና የአዚትሮማይሲን መድኃኒት ዕደላም ይቅደሙ። ይሁን እንጂ ያው ጥናት ከዓይነ ስውርነት በታች ያለ ከባድ የእይታ ድካም ካገኘባቸው 3.7 በመቶ ሰዎች መካከል ሲሦው የሚሆኑት ጉድለታቸው በመነጽር የሚስተካከል እንደነበር አሳይቷል። ደግሞም ሁለቱ ሥራዎች አይሻሙም። ፊደል መለየት ያቃተው ሰው ሲለካ ሞራ ያለበት ለሞራው፣ ሽፋሽፍት የታጠፈበት ለቀዶው፣ ሌንስ የሚበቃው ለሌንስ ይለያል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ በተመሠረተው ተቋም፣ ኦፕቶሜትሪ፣ ማለትም የእይታ ልኬት ሙያ፣ በዲግሪ ይሰጣል፤ ከፍተኛ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከልም አለ። ለአምባ ጊዮርጊስ ነዋሪ ይህ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። ከዚህ በኋላ የጎደለው ማን ወደዚያ መሄድ እንዳለበት የሚለየው መለኪያ ነው።

መነጽር ዓይንን ያደክማል፣ ያስለምዳል የሚለው እምነት ጎንደርም አዲስ አበባም አለ። በዕድሜ የሚመጣው የሌንስ መጠንከር ግን መነጽር ቢደረግም ባይደረግም በራሱ ጊዜ ይቀጥላል፤ ሰውየው መነጽሩን ሲያወልቅ ብዥታው የባሰ የሚመስለው ከጥራት ጋር ማነጻጸር ስለጀመረ ነው፤ ይኸው ራሱ አስቀድሞ ድካሙን አለማወቁን ያረጋግጣል። የሩቁ በሚደበዝዝባቸው ልጆችም ከሚገባው ያነሰ ሌንስ መስጠት ጉድለቱን አልገታም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከማሌዥያ የወጣ ጥናት እንዲያውም ፍጥነቱ እንደጨመረ አሳይቷል። ስለ ጥቅሙ ደግሞ በሕንድ አሳም ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሻይ ለቃሚዎች ላይ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ምርታቸው ወደ 22 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ አሳየ። ምስር የምትለቅም፣ ጥጥ የምትፈትል፣ በመርፌ የምትሠራ የወገራ እናት ከእነዚያ ሠራተኞች በምን ትለያለች? እርጅና ነው ብላ ሥራውን ለልጇ ስትተው ችግሩን በሕክምና ቤት የሚመዘግብላት የለም።

ስለ ሕፃናት ግን ጊዜ አለ ማለት አይቻልም። ከልደት እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ባለው ዘመን ከአንዱ ዓይን ጥርት ያለ ምስል ያልደረሰው አንጎል ያን ዓይን ችላ ማለትን ይማራል፤ ዕድሜው ካለፈ በኋላ ትክክለኛ መነጽር ቢሰጠውም እይታው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ አይሆንም። እንዲህ ያለው ልጅ ደህናው ዓይኑ ስለሚሸፍንለት አይሰናከልም፣ አያለቅስም፣ ለእናቱም የሚነግራት ነገር የለውም። ሁለቱም ዓይኖቹ የደከሙበት ደግሞ ሰሌዳው ለሁሉም እንዲሁ የደበዘዘ ይመስለዋል፤ መምህሩም ሰነፍ ይለዋል። ፊደል ላልቆጠረ ልጅ ጣቶቹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያመለከተ የሚመልስበት ባለ ሦስት ጣት ምልክት ያለው ሠንጠረዥ አለ፤ አንድ ወረቀትና ስድስት ሜትር ርቀት ከማግኘት በቀር ሌላ ወጪ የለውም። የአምባ ጊዮርጊስና የአካባቢው መምህራን በየዓመቱ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል የገባውን ልጅ ሁሉ፣ አንዱን ዓይን ሸፍነው ከዚያም ሌላውን፣ ይለኩት፤ ያልለየውንም ልጅ ወላጆቹ ሳይዘገዩ ወደ ጎንደር ይውሰዱት።