ለያሬድ የቀረበ ዜማ

ሙላቱ አስታጥቄ በ2000 ዓ.ም. ግድም በአሜሪካ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም በነበረበት ጊዜ፣ «የያሬድ ኦፔራ» ካለው አዲስ ሥራው ከፊሉን ለአድማጭ አቅርቦ ነበር። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሰው፣ ከ1,400 ዓመት በፊት የኖረውን ባለ ዜማ በዘመናዊ ሙዚቃ ማክበሩ ነው።

ይህ ነገር ለጎንደር ሰው ሩቅ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ በአክሱም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ካዜመ በኋላ የቀረ ዕድሜውን በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ ገድሉ ይተርካል። ከሰሜን ተራሮች አንዱ ዛሬም «አባ ያሬድ» ይባላል።

ለመሆኑ ቀዳሚን ማክበር እንዴት ነው? የጥንት ሊቃውንት ስማቸውን በእርሱ ስም ውስጥ ይሰውሩ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ ለድጓው የዜማ ምልክት በማበጀት የሚታወቁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ድካማቸው ታላቅ ነው፤ ድጓው ግን እስከ ዛሬ የያሬድ ነው።

አዲስ ነገር ሁሉ ግን በቀላሉ አልገባም። በ19ኛው መቶ ዘመን የጎንደሩ አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበል አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት «ከአባቶች ያልተቀበልነው ነው» ብለው ስላልተቀበሉት፣ አለቃ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ እርሱም በደብረ ታቦር አስፋፋው። ስልቱም «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ቀረ። የአባትየው ስም እዚህም ተሰወረ።

ሙላቱ ግን ስሙን ከያሬድ ስም ጎን አቆመ። በእኔ እምነት ይህ ነውር የለበትም። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ብሪተንም እ.ኤ.አ. በ1946 ለአድማጭ በቀረበ ሥራው የአገሩን ሰው የሄንሪ ፐርሰልን ዜማ አንሥቶ አክብሮታል። ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1695 ሲሞት በጎንደር የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ ነበሩ።

ልዩነቱ ሌላ ነው። የፐርሰል ዜማ በወረቀት ላይ ነው፤ ኖታ የሚያነብ ሁሉ ያገኘዋል። የያሬድ ዜማ ግን ምልክቱ ብቻውን አይበቃውም፤ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ መተላለፍ አለበት። ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክረው፣ ጎንደር በአታ አቋቋም የሚማረው ተማሪ፣ ቁራሽ እየለመነ ብዙ ዓመት ይቀመጣል። መምህሩ አልፎ ወንበሩ ያለ ተተኪ ቢቀር፣ ማንኛውም የሙዚቃ ድርሰት አይመልሰውም።

ስለዚህ ኦፔራውን ሳደንቅ አብሬ የማስበው ያንን ተማሪ ነው። ዘመናዊው ሥራ ያሬድን ላላወቀው ዓለም ያስተዋውቃል፤ ዜማውን ለነገ የሚያደርሰው ግን ዛሬ ማታ በጎጆው ውስጥ ቃሉን የሚያጠናው ነው። ያሬድን እናከብራለን የምንል ሁሉ፣ ከጭብጨባችን ጥቂቱን ለዚህ ልጅ እራት ብናደርገው ይበጃል።