መቶ ሜትር ሲቀረው፦ አሙንድሰን ከአመዳይ ጉድጓድ የተማረው

በአማርኛ አንድ ችግር አለብን። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም፣ በአውሮፓ ክረምት እንደ ተባዘተ ጥጥ ሜዳውን የሚያለብሰውም ሁሉ «በረዶ» ነው። ለዕለት ኑሯችን ይበቃናል፤ ለዛሬው ታሪክ ግን አይበቃም። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ወጣት ሊሞት የደረሰው በእነዚህ «በረዶዎች» መካከል ባለው ልዩነት ነውና። ስለዚህ አስቀድመን እንስማማ፦ ጥጥ መሳዩን «አመዳይ» እለዋለሁ፣ ጠጣሩን ደግሞ «በረዶ»።

ወጣቱ ሮአልድ አሙንድሰን ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ ከሆነ በደቡብ ዋልታ ምክንያት ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1911 ከአራት ባልደረቦቹ ጋር እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ከዚያ 15 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ገና 23 ዓመቱ ሳለ፣ ከወንድሙ ከሌኦን ጋር ስላደረገው የስኪ ጉዞ ነው። ጉዞው ከሽፏል። ለእኔ ደግሞ ከዋልታው ይልቅ ይሄኛው ይበልጥ ይገርመኛል።

ስኪ ማለት ረጅምና ቀጭን ጣውላ ከጫማ ጋር አስሮ አመዳይ ላይ መንሸራተት ነው። ክብደታችሁ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ስለሚበተን እግራችሁ አይሰምጥም። ኖርዌይ ውስጥ ስፖርት ከመሆኑ በፊት ለረጅም ዘመን መጓጓዣ ነበር። ፍሪድትዮፍ ናንሰን የተባለ ኖርዌጂያን በ1888 ግሪንላንድን በስኪ አቋርጦ በቀጣዩ ዓመት ሲመለስ፣ ያኔ ክርስቲያኒያ ትባል የነበረችው ኦስሎ ወጥታ ተቀበለችው። የ16 ዓመቱ ሮአልድም ሕዝቡ መሃል ነበር። እናቱ ሐኪም እንዲሆንላቸው ይፈልጉ ነበር፤ እሱ ግን በብርዱ ወራት መስኮት ከፍቶ እየተኛ ሰውነቱን ያለማምድ ነበር። ለምን ሲባል ንጹሕ አየር እንደሚወድ ይናገራል። እናቱ በ1893 ሲያርፉ የሕክምና ትምህርቱን ተወው።

ሁለቱ ወንድማማቾች በጃንዋሪ 1896 ሊያቋርጡ የተነሱት ሃርዳንገርቪዳ የተባለውን የደቡብ ኖርዌይ አምባ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። «ይሄማ በእኛ አገር ቆላ ነው!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ግን ቦታው 60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ዛፍ የለም፣ ነፋስ የሚያቆም ነገር የለም፣ በዚያ ወር ፀሐይ የምትታየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።

ከአምባው በስተምሥራቅ ካለችው የመጨረሻ የገበሬ ቤት ሲደርሱ፣ የቤቱ ሰዎች በዚህ ወቅት ማንም እንደማያቋርጥ ነገሯቸው። አልሰሙም። ድንኳን አልያዙም፤ የያዙት ከአጋዘን ቁርበት የተሠራ የመኝታ ከረጢት፣ ትንሽ ምግብና የስፒሪት ምድጃ ነው። መሃል መንገድ ላይ የነበረችው የእረኞች ጎጆ በሯ በሚስማር ተመትቶ፣ ጭስ መውጫዋም በጣውላ ተከድኖ ጠበቃቸው። ሰብረው ገቡ፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ እዚያው ተቀመጡ። ከዚያ እንደገና ወደ ምዕራብ ቀጠሉ፤ አመዳዩ ግን ካርታቸውን አራሰው፣ ከፊታቸው ያለውንም ሁሉ ጋረደው። ሜዳ ላይ አደሩ። ከእግራቸው ሥር ያስቀመጡት የምግብ ከረጢት ጠዋት ቢፈልጉት የለም። አመዳይ ውጦታል።

በቀጣዩ ሌሊት ሮአልድ ብልሃት መጣለት። አመዳዩን ቆፍሮ ጠባብ ጉድጓድ ሠራና ከነከረጢቱ ገባበት። ነፋሱ ቀረ፣ ሞቀው፣ እንቅልፍ ወሰደው። ሌሊቱን ግን እርጥብ አመዳይ ወረደበት፣ ኋላም ብርዱ ድንገት በረታ። ሲነቃ መንቀሳቀስ አይችልም። በጀርባው እንደተኛ፣ አንድ እጁ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ዙሪያው ተጋግሮ ይዞታል። ቢጮህም ድምፁ አይወጣም። ሌኦን ያገኘው ከላይ ብቅ ያሉ ጥቂት የአጋዘን ፀጉሮች አይቶ ነው፤ ቆፍሮ ለማውጣት ሰዓታት ፈጀበት።

እኔ የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሳነብ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ሙቀቱ በየት ወጣ?» የሚል ነው። እስቲ ጋቢን አስቡት። ጋቢ የሚያሞቀን ክሩ ሙቅ ስለሆነ አይደለም፤ በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር ሙቀት ስለማያስተላልፍ ነው። አዲስ የወረደ አመዳይም 90 በመቶ ያህሉ አየር ነው። የሮአልድ ጉድጓድ በመጀመሪያው ሰዓት ጥሩ ጋቢ ነበረ ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ውሃ ሲገባበት ነው። ውሃ ከማይንቀሳቀስ አየር 20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል፤ የራሰ ጋቢ ለብሶ ያመሸ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ከዚያ ውሃው ሲረጋ ጠጣር በረዶ ይሆናል፣ ይሄም ከለስላሳው አመዳይ 20 እጥፍና ከዚያም በላይ የባሰ ሙቀት አስተላላፊ ነው። በዚያ ላይ አየር አያሳልፍም። ስለዚህ ያ ጉድጓድ በአንድ ሌሊት ከብርድ ልብስነት ወደ ሣጥንነት ተለወጠ። ያንኑ ነገር «በረዶ» ብለን ብቻ ብናልፈው ኖሮ ይሄ አይታየንም ነበር።

ወንድማማቾቹ በመጨረሻ ወደ ምሥራቅ ተመልሰው፣ ተርበውና ከስተው፣ ከተነሱበት የገበሬ ቤት ደረሱ። የቤቱ ሰዎች ሊለዩዋቸው አልቻሉም። ቆይቶ ደግሞ አሙንድሰን የሚያንገበግብ ወሬ ሰማ። በምዕራቡ ጫፍ ያለው ገበሬ አንድ ጠዋት ሲወጣ፣ ከቤቱ መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ከምሥራቅ መጥቶ የተመለሰ የስኪ ዱካ አይቷል። ደርሰው ነበር! መቶ ሜትር ሲቀራቸው፣ ቤቱ ሳይታያቸው፣ ወደዚያ ሁሉ ስቃይ ዞረው ተመለሱ።

አሙንድሰን በኋላ በ1927 በታተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ለዋልታ ጉዞ መለማመጃ ይሆነኛል ያለው ይህ ጉዞ ከዋልታ ጉዞዎቹ የባሰ እንደነበር ጽፏል። እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ወጣ ማለት ነው፦ አመዳይ ውስጥ እንዴት ይታደራል? በማይታይ ቦታስ ግብን እንዴት አይስቱም?

የመጀመሪያውን የመለሱለት ፕሮፌሰሮች አይደሉም። በ1903 ዮአ በምትባል ትንሽ መርከብ ከስድስት ሰዎች ጋር ወደ ሰሜን ካናዳ ሄዶ ሁለት ክረምት ከኔትሲሊክ ኢኑይቶች ጎረቤት ሆኖ ቆየ። ቴራዩ የተባሉ አዛውንት የአመዳይ ቤት አሠራር አስተማሩት። ትምህርቱ የሚጀምረው ከመቁረጥ በፊት ነው፤ መጀመሪያ በቀጭን ዘንግ እየወጉ በነፋስ እኩል የታመቀውን አመዳይ መፈለግ አለ። በጣም የላላው ይፈርሳል፣ የራሰው ደግሞ በረዶ ይሆናል። ቀጥሎ ጡብ ጡብ እያደረጉ ቆርጠው ወደ ላይ እየዞረ የሚጠብ ጉልላት ይገነባሉ። መግቢያው ከመኝታው ዝቅ ይላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደታች ይፈስሳል፣ ሰው የሚተኛበት መደብ ላይ ሞቃቱ ይቀራል። ቤቱ መተንፈሻ ቀዳዳም አለው። የሮአልድ ጉድጓድ የጎደለውን ሁሉ ይሄ ቤት አለው።

ልብሱም እንደዚያው ነው። ሰፋ ያለ፣ ድርብ የካሪቡ ቁርበት፤ የውስጠኛው ፀጉር ወደ ሰውነት፣ የውጪው ወደ ውጭ። የካሪቡ ፀጉር ራሱ ውስጡ አየር አለው። ልብሱ ስለማይጠብ ላቡ ይወጣል፣ ሰውየው አይርስም። አሙንድሰን ይሄን ከአውሮፓ ልብስ ጋር መቀላቀል እንደማያዋጣ፣ ከለበሱ ሙሉውን መልበስ እንደሚሻል ጽፏል። በትምህርት ቤት ስለ አሳሾች ስንማር ስማቸው የማይጠራ መምህራን ነበሯቸው፤ ቴራዩን አስታውሱልኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሒሳብ ነው። አብራሪዎች «አንድ በስልሳ» የሚሉት ደንብ አላቸው፦ 60 ኪሎ ሜትር ስትጓዙ አቅጣጫችሁ በ1 ዲግሪ ቢስት፣ ከግባችሁ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ ትደርሳላችሁ። (60ን በ1 ዲግሪ ታንጀንት አባዙትና እዩት።) በጭጋግ ውስጥ በኮምፓስ የሚሄድ ሰው በጥቂት ዲግሪ መሳቱ ያለ ነው። የገበሬው ቤት ስፋት ደግሞ ስንት ሜትር ቢሆን ነው? በጭጋግ ቤት መፈለግ በጨለማ መርፌ እንደመፈለግ ነው።

አሙንድሰን በ1911 አንታርክቲካ ላይ ያደረገው መርፌውን ማርዘም ነበር። 80 ዲግሪ ደቡብ ላይ የምግብ ክምችት ካኖረ በኋላ፣ ከጉዞው መስመር ጋር 90 ዲግሪ በሚሠራ ቀጥታ መስመር በግራ 10፣ በቀኝ 10 ባንዲራ ተከለ፤ በየመካከላቸው 900 ሜትር ያህል አለ። ያቺ አንዲት ነጥብ 18 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አጥር ሆነች። በእኛው ደንብ ብናሰላው፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚመጣ ሰው በግራም በቀኝም እስከ 9 ዲግሪ ቢሳሳት እንኳ አጥሩን ያገኘዋል። ይበልጥ የወደድኩት ግን ቁጥሩን ነው። እያንዳንዱ ባንዲራ ቁጥር ስላለው አንዷን ያገኘ ሰው ምግቡ በየት በኩል፣ ምን ያህል ርቆ እንዳለ ወዲያው ያውቃል። ይሄን ሐሳብ በቀጥታ ከሃርዳንገርቪዳው መቶ ሜትር ጋር የማያይዘው እኔ ነኝ፤ ግን አመዳይ ምግቡን የበላበት፣ ደጃፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሌላ ምን ያስባል?

አሙንድሰንን ከስኮት ጋር እያወዳደሩ ማውራት የተለመደ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ጉዞውም ንጹሕ ጀብዱ ብቻ አልነበረም። በኦክቶበር 1911 ከ52 ውሾች ጋር ተነስተው የተመለሱት 11 ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ በዕቅድ ታርደው ለሌሎቹ ውሾችና ለሰዎቹ ምግብ ሆነዋል።

በመንገዱ ላይ ከአመዳይ ጡብ 150 ያህል ምልክቶች ገንብተዋል፣ ቁመታቸው ከሰው የሚስተካከል። በየምልክቱ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ የምልክቱ ቁጥር፣ ቦታው፣ ወደ ሰሜን ቀጥሎ ያለው ምልክት በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል ርቀት እንደሚገኝ ተጽፎበታል። አምስቱ ሰዎች ጃንዋሪ 25 ቀን 1912 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከመነሻ ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ፣ ውስጥ የነበሩት ገና ተኝተው ነበር።